በየወገናችን የቆምን ዕለት

ከ2008 በፊት ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው እኛ የምንበላበት ክፍል ድረስ ሲመጣ አይቼ አላውቅም። የምንበላው ከመሬት በታች ነበር። ላስ ቬጋስ ውስጥ ስትሪፕ በሚባለው ጎዳና ላይ የተደረደሩትን ሆቴሎች እንግዳ የሚያውቃቸው በእብነ በረዳቸው፣ በመብራታቸውና በቁማራቸው ነው። ከሥር ደግሞ የሲሚንቶ መተላለፊያ፣ የልብስ ማጠቢያ እንፋሎት፣ ገባሁ ወጣሁ የምንልበት የሰዓት ማሽንና የሠራተኞች ምግብ ቤት አለ። እኔ ክፍል አጽጂ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ብቻዬን አንሶላ ስቀይር እውልና ሰው የማገኘው ለምሳ ታች ስወርድ ነው። ያን ጃንዋሪ ግን እጩዎቹ ራሳቸው፣ የእጩዋም ባል ቢል ክሊንተን፣ ወደየሆቴሉ ጓዳ ይመላለሱ ጀመር። ዕቃ አጣቢው ሳይቀር እጁን እየጠረገ ተጨበጠ።

ዓመቶቹንና ወሮቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እዚህ የኖረ ሰው ሳይወድ የሚለምደው ነገር ነው። አንዱን ቀን ብቻ በእኛው አቆጣጠር ካልጠራሁት አይሆንልኝም፤ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ዴሞክራቲክ ፓርቲው ለ2008 ኔቫዳን ከአይዋና ከኒው ሃምፕሻየር አጠገብ ከፊት አሰለፋት፤ ላቲኖ የበዛባት፣ የሠራተኛ ማኅበር የጠነከረባት የምዕራብ ግዛት ናት ብሎ። ጃንዋሪ 3 አይዋ ላይ ባራክ ኦባማ አሸነፈ። ጃንዋሪ 8 ኒው ሃምፕሻየር ላይ ሂላሪ ክሊንተን አሸነፈች። አንድ ለአንድ ሆነው ወደ እኛ መጡ። በማግስቱ ከሊናሪ የምንለው ዩኒየናችን ኦባማን እደግፋለሁ ብሎ አስታወቀ። ያኔ 60,000 ያህል አባል ነበረው፦ ክፍል አጽጂ፣ አብሳይ፣ አስተናጋጅ፣ ዕቃ አጣቢ፣ ልብስ አጣቢ። የዩኒየኑ ቀይ ቲሸርቶች በአንድ ሌሊት የኦባማ ሆኑ። ዩኒየኑ ካለ አለቀ፣ ሁላችንም አንድ ጎን እንቆማለን ብዬ ነበር። ጋዜጦቹም እንደዚያው ሳይገምቱ አልቀሩም።

አገር ቤት ላለ አንባቢ የያኔውን የኔቫዳ ኮከስ ማስረዳት አለብኝ። ኮከስ ተራ ምርጫ አልነበረም። ወረቀት አጥፈህ ሳጥን ውስጥ የምትከትበት፣ ማንም ሳያይህ ወጥተህ የምትሄድበት ነገር አልነበረም። አዳራሽ ገብተህ፣ ስምህን አስመዝግበህ፣ ከዚያ በአካል ሄደህ ከመረጥከው ሰው ወገን ትቆም ነበር። የኦባማ በዚህ፣ የክሊንተን በዚያ። አለቃህም፣ ባልደረባህም፣ አማትህም ያዩህ ነበር። ከተሰበሰበው ሰው 15 በመቶ ያልሞላ ወገን ይፈርስ ነበር፤ ሰዎቹ ወደ ሌላ ወገን ይሄዱ ነበር፣ ወይ ወደ ቤታቸው። እኩል ለእኩል ከሆነ ደግሞ፣ ይህ የኔቫዳ ብቻ ጉድ ሳይሆን አይቀርም፣ ካርታ ይመዘዝ ነበር። ትልቁን ካርታ የመዘዘ ያሸንፍ ነበር።

የልጅነቴ ቀበሌ ትዝ አለኝ። በደርግ ጊዜ እናቴ እኔን በጀርባዋ አዝላ ስብሰባ ትሄድ ነበር፤ የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ ሲባል ከጎረቤቶቿ ቀድማም ዘግይታም እጇን ላለማውጣት ዓይኖቿ ግራ ቀኝ ሲመላለሱ በኋላ ካደግሁ ወዲህም አይቻለሁ። እኔ በዲቪ መጥቼ፣ ዜግነት ከወሰድኩ ዓመት ሳይሞላኝ፣ የመጀመሪያ ድምፄን ሰው ፊት ቆሜ ስጪ ስባል ሆዴን ባር ባር አለው። አሜሪካኖቹ ግን ይህን ነፃነት ይሉታል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያሳምንበት የጥንት ወግ ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል።

ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ለቬጋስ ሠራተኛ የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ ፓርቲው ከስትሪፑ ሆቴሎች ዘጠኙ ውስጥ ልዩ የኮከስ ጣቢያ እንዲከፈት ፈቀደ፤ በአካባቢው በፈረቃ ላይ ያለ ሰው እዚያው ወጥቶ እንዲመርጥ። ዩኒየናችን ኦባማን ከደገፈ በኋላ የመምህራን ማኅበሩ ከሌሎች ጋር ሆኖ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ለቁማር ቤት ሠራተኛ የተለየ በር ለምን ይከፈታል፣ ሌላውስ ቅዳሜ የሚሠራ የለም ወይ ብሎ። ክስ ካቀረቡት አንዳንዶቹ የክሊንተን ደጋፊዎች ነበሩና ነገሩ እሳት ላይ ቤንዚን ሆነ። ዳኛው ሐሙስ፣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጣቢያዎቹ ይከፈቱ ብለው ወሰኑ። በዚያ ሰሞን ምግብ ቤታችን ውስጥ የሰማሁትን ቁጣ መዝኜ ቢሆን ኖሮ ክሊንተን አንድም ድምፅ አታገኝም እል ነበር። ቁጣ ግን ሌላ፣ ምርጫ ሌላ።

ልብስ ማጠቢያ የሚሠሩ፣ እትዬ የምንላቸው አንዲት ሴትዮ ነበሩ። ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ዩኒየኑ ባዘዘው ሰልፍ ሁሉ ፊት የሚወጡ ሰው ናቸው። ቀዩ ቲሸርት ሲታደል ተቀበሉ፣ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«አይለብሱትም እትዬ?» አልኳቸው።

«እኔ የክሊንተን ነኝ።»

«ለምን?»

«ማን አመጣኝና? ዲቪ የደረሰኝ በሱ ጊዜ አይደለም?»

የዲቪውን ሕግ በ1990 የፈረመው ትልቁ ቡሽ እንደሆነ ለዜግነት ፈተና ሳጠና ከአንድ መጽሔት ላይ አንብቤ ነበርና ነገርኳቸው። ዕጣው መውጣት የጀመረው በክሊንተን ዘመን ይሁን እንጂ ሥራው የሪፐብሊካኑ ነው አልኳቸው። እትዬ ፎጣውን እያጠፉ አዳመጡኝ።

«ቡሽ ፈረመ። እኔ ቦሌ አውሮፕላን ስሳፈር ወንበሩ ላይ ማን ነበር?»

«ክሊንተን።»

«በቃ። የሰውየውን እንጀራ በልቼ ሚስቱን ብከዳ ነውር ነው።»

ያን ዕለት ሥቄ ተነሳሁ። ማታ አውቶቡስ ላይ ሳስበው ግን ሥቁ ቀረልኝ። እትዬ ከእኔ ጋር ስለ ታሪክ አልተከራከሩም፤ ሕጉን ማን እንደፈረመው ግድም አልሰጣቸው። አንድ ሰው በር ሲከፈትለት በሩ ላይ የነበረውን ፊት ያስታውሳል። ስለ ፖለቲካ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ምክንያት አላዋቂነት ሲሉት አነባለሁ። እኔ እትዬን አላዋቂ ማለት አይሆንልኝም፤ ከኔ ይልቅ እሳቸው ምን እንደሚሠሩ ያውቁ ነበር።

ከሥራ ውጭ ደግሞ የሐበሻው ክርክር ሌላ መልክ ነበረው። ቬጋስ ውስጥ ታክሲ የሚነዳው ሐበሻ ብዙ ነው። ማታ ፈረቃ ሊገቡ ሲሉ ከስትሪፑ በስተምዕራብ ያለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ይሰበሰባሉ። በዚያ ጃንዋሪ ኳሱም፣ አገር ቤትም ቀርቶ የሚወራው ኮከስ ብቻ ሆነ። ከታክሲ ነጂዎቹ አንዱ፣ ጋሼ የምንለው፣ ለኦባማ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር የሚናገር። «የጎረቤት ልጅ ነው! አባቱ ኬንያዊ፣ ከሞያሌ ወዲያ ማዶ። የኛው ደም ዋይት ሃውስ ሊገባ ነው እያልኩህ ስለ ፖሊሲ ታወራልኛለህ?»

ሁሉም ያጨበጭባል ብዬ ስጠብቅ ከጥግ አንድ ሰው ሳቀ። ይህ ሰው ወደ አሜሪካ የመጣው በናይሮቢ በኩል ነው፤ እዚያ ዓመታት በስደት ቆይቷል። «ኬንያን እኔን ጠይቁኝ» አለ። «የናይሮቢ ፖሊስ በየመንገዱ እያስቆመ ኪሴን ሲፈትሽ የጎረቤት ልጅ ነህ ያለኝ የለም።» በዚያው ሰሞን ቴሌቪዥኑ የኬንያን እሳት ነው የሚያሳየው፤ በዲሴምበር መጨረሻ ምርጫ ተደርጎ፣ ኪባኪና ኦዲንጋ አሸናፊው እኔ እኔ ተባብለው፣ ሰው በጎሣው እየተለየ ይገደል ነበር። ሰውየው ወደ ስክሪኑ እየጠቆመ፣ እዚያ ሰው አባቱ ማን እንደሆነ እየተጠየቀ እየሞተ እኔ እዚህ በአባቱ ልመርጥ? አለ። ጋሼ መልስ አልነበረውም። ግን ሐሳቡን አልቀየረም። እኔ ደግሞ ከሁለቱ የማን ምክንያት እንደሚበልጥ እስካሁን አልወሰንኩም።

ሌሎቹ ነገሩን ከአገር ቤት ጋር አያያዙት። በእኛው አቆጣጠር የ97ቱ የምንለው፣ የ2005ቱ የኢትዮጵያ ምርጫ ቁስል ገና አልጠገገም ነበር። በኦክቶበር 2007 የኒው ጀርሲው ዶናልድ ፔይን ያቀረቡት፣ ኤች አር 2003 የምንለው የኢትዮጵያ የዴሞክራሲና የተጠያቂነት ረቂቅ ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት አልፎ ሴኔት በር ላይ ቆሞ ነበር። ክሊንተንም ኦባማም ሴናተሮች ናቸው። ታዲያ ማን ይገፋልናል? አንድ ቀን የኦባማ ዘመቻ ልጅ፣ ከሌላ ግዛት በበጎ ፈቃድ የመጣ ቀይ ፊት ወጣት፣ ሰው ሊቀሰቅስ እዚያ ምግብ ቤት ገባ። ሽሮ ጋበዙትና መሐል አስቀመጡት። የረቂቁን ቁጥር ደጋግመው ነገሩት፤ ልጁ ዓይኑን እያጨነቆረ በትንሽ ደብተር ጻፈ። ስለ ጤና መድንና ስለ ኢራቅ ሊናገር ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው፤ አንድም ሰው አልጠየቀው። ሲወጣ «በጥሞና አዳመጠን» ተባለለት። ከዚያ ጠረጴዛ ሦስቱ የኦባማ የሆኑት ልጁ ስለጻፈ ነው። ረቂቁ ሴኔት ውስጥ እንደቆመ ቀረ።

ሥራ ቦታ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ፎቅ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ነበረች። ቤት የገዛችው ወለዱ ከፍ ዝቅ በሚል ብድር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀላል፣ ከዚያ ድንገት እጥፍ ሊሆን የሚደርስ። ኔቫዳ በዚያን ጊዜ ባንክ በነጠቀው ቤት ብዛት ከአገሩ አንደኛ ነበረች፤ በየሰፈሩ ሣሩ የደረቀ፣ ወረቀት የተለጠፈበት ቤት ማየት ለምደን ነበር። ክሊንተን ቤት መንጠቁ ለ90 ቀን ይቁም፣ የእነዚህ ብድሮች ወለድም ለአምስት ዓመት ባለበት ይርጋ የሚል ሐሳብ አቅርባ ነበር። ፊሊፒናዊቷ ያንን የያዘ በራሪ ወረቀት አራት አጥፋ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ይዛ ትዞራለች፤ ጠርዙ በላብ ተበልቶ ነበር። ከማውቃቸው ሁሉ በወረቀት ላይ በተጻፈ ነገር የወሰነች እሷ ብቻ ናት። ሌላው የሁለቱ እጩዎች ልዩነት፣ ለምሳሌ የክሊንተን የጤና ዕቅድ ሰው ሁሉ መድን እንዲገባ ያስገድዳል፣ የኦባማው ልጆችን ብቻ የሚለው፣ በቴሌቪዥን ክርክር ላይ ስንት ሰዓት ሲያስጮህ እኛ ዘንድ ወሬም አልነበረ። እኛማ በዩኒየኑ መድን ነበረን፤ ከደሞዛችን ለወርሃዊ ክፍያ አምስት ሳንቲም አይቆረጥብንም ነበር።

የግብዣ አዳራሽ አስተናጋጅ የሆነች ጥቁር አሜሪካዊት ጓደኛዬ ደግሞ እስከ ዲሴምበር ድረስ የክሊንተን ነበረች። ኦባማን ትወደዋለች፣ ግን «ነጮቹ አይመርጡትም፤ ድምፄን ለምን አባክናለሁ» ትል ነበር። ከዚያ አይዋ መጣ። ነዋሪው ከመቶ ዘጠና በላይ ነጭ የሆነበት ግዛት ኦባማን መረጠ። በማግስቱ ምግብ ቤት ስትገባ ፊቷ ሌላ ነበር። «አያቴ ሚሲሲፒ ውስጥ ሳትመርጥ ነው የሞተችው» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ክሊንተን አንስታብኝ አታውቅም። ፍላጎቷ ከመጀመሪያውም ኦባማ ነበር። አይዋ የሰጣት ፈቃድ ነው።

እኔስ? እኔ የኦባማ ነበርኩ፤ ሲጠይቁኝም «የኢራቅን ጦርነት ከመጀመሪያው ስለተቃወመ» እል ነበር። ይህ እውነት ነው፤ በ2002 ገና የኢሊኖይ ግዛት ሴናተር ሳለ ተቃውሟል፣ ክሊንተን ግን በዚያው ዓመት ጦርነቱን ለሚፈቅደው ውሳኔ ድምፅ ሰጥታለች። ይህን ምክንያት ያገኘሁት ከቅስቀሳ ወረቀት ላይ ነው፤ አፌ ላይ ደስ ስላለኝ ያዝኩት። የቆምኩበት ጉዳይ ሌላ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የአንድ እንግዳ ሰዓት ጠፋ ተብሎ ክፍሉን ያጸዳሁት እኔ ነበርኩና ከሥራ ልባረር ደረስኩ። በፎቃችን የዩኒየኑ ተጠሪ የነበረችው የኤል ሳልቫዶር ሴት ከጎኔ ተቀመጠች። እንግሊዝኛዬ ሲያልቅብኝ በእሷ እንግሊዝኛ፣ የእሷ ሲያልቅ በጠረጴዛ ድብደባ ተከራከረችልኝ። ሰዓቱ በኋላ ከሰውየው ሻንጣ ተገኘ። ያቺ ሴት በጃንዋሪ ቀይ ቲሸርት ለብሳ መጥታ «ቅዳሜ ከኔ ጋር ነሽ አይደል?» ስትለኝ ምን እንድላት ትፈልጋላችሁ? በተጣጠፈ ወረቀት የሚመረጥ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አስብበት ነበር። ፊት ለፊቷ ቆሜ ግን አልችልም።

ቅዳሜ ጃንዋሪ 19 ሆነ። በእኛ ጥር 10 ቀን 2000፣ ከተራ። ገሃድ ነውና ጾም ነበርኩ፤ ለኮከስ ለወጣው ሠራተኛ የተዘጋጀውን ሳንድዊች ለፊሊፒናዊቷ ሰጠኋት። ከሥራ ስወጣ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ነጠላዬን ሎከሬ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። እትዬ ግን ነጠላቸውን ከዩኒፎርማቸው በላይ ደርበው መጡ። የክሊንተን ምልክት የያዘ ሁሉ እሳቸውን ከሩቅ እያየ ወደዚያው ይሰበሰብ ነበር።

አዳራሹ ሰርግ የሚሰረግበት ነው። ያን ምንጣፍ ለሰው ሠርግ ስንት ጊዜ እንዳጸዳነው! አሁን እኛው በጫማችን እየረገጥነው፣ ከመቶ የሚበልጥ ሰው፣ አብሳዩ ነጭ ቆቡን እንዳደረገ፣ የካርታ አዳዩ ጥቁር ሰደርያውን እንደለበሰ፣ መሐል ለመሐል በተዘረጋ ገመድ ግራና ቀኝ ተከፈልን። በስፓኒሽ ይጮሃል፣ በእንግሊዝኛ ይጮሃል። የዩኒየኑ ተጠሪ በእኛ በኩል ወንበር ላይ ወጥታ መዝሙር ታስመራለች። ከገመዱ ማዶ ደግሞ ልብስ ማጠቢያ የሚሠሩት ወላጅ እናቷ ከእትዬ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው የክሊንተንን ምልክት ያወዛውዙባታል። ልጅቷ ስታይ መዝሙሩ አፏ ላይ ቀረ። እናትየው ከሃያ ዓመት በላይ በዚያ ሆቴል ሠርተዋል፤ በቢል ክሊንተን ጊዜ ትርፍ ሰዓት እንደልብ እንደነበር፣ ቤት የገዙትም ያኔ እንደሆነ ለማንም ይናገራሉ። ለልጃቸው ብቻ ነው ያልነገሩት።

ቆጠራው ተጀመረ። ዕረፍታችን እያለቀ ነው፣ አለቆች በር ላይ ሰዓታቸውን ያያሉ። ለጆን ኤድዋርድስ የቆሙት አምስት ሰው አይሞሉም፤ 15 በመቶው የት አለና፣ ፈረሱ። ከእነሱ አንዱ ኦሃዮ ያደገ አብሳይ ነው፤ አባቱ የሠሩበት ፋብሪካ ተዘግቶ ስለነበር ስለ ድሃ የሚናገረው ኤድዋርድስ ብቻ ነው ይል ነበር። ሁለቱም ወገን ስሙን እየጠራ ጮኸበት። የኛዎቹ ስለ ለውጥ፣ የማዶዎቹ ስለ ልምድ። ሰውየው መሐል ላይ ቆቡን አውልቆ ትንሽ ቆመና ወደ ክሊንተን ወገን ሄደ። በኋላ በሊፍት ስንወርድ ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ማዶ ከቆሙት አስተናጋጆች አንዷ እናቱ የሞተች ጊዜ ለቀብር ገንዘብ ያሰባሰበችለት ናት። «እሷ ብቻ ነበረች ያልጮኸችብኝ» አለኝ።

በእኛ አዳራሽ ክሊንተን አሸነፈች፤ ብዙ አልራቀችም፣ ግን አሸነፈች። ዩኒየኑ ያዘዘውን ዩኒየኑ ራሱ ሻረው ማለት ይቻላል። ከስትሪፑ ጣቢያዎችም በአብዛኞቹ እንደዚሁ እንደሆነ ማታ ሰማን። ከ117,000 በላይ ሰው በወጣበት ኮከስ ክሊንተን 51 በመቶ፣ ኦባማ 45 በመቶ አገኙ። ላቲኖዎቹ ከአሥር ስድስት ያህሉ የክሊንተን፣ ጥቁር መራጮቹ ከአሥር ስምንት ያህሉ የኦባማ ነበሩ። የዜና ተንታኞቹ ይህን ይዘው ዘር በዘር ከፋፍለው አስረዱን። የእናትና ልጇን ነገር በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ፈለግሁ፤ ሁለቱም አንድ መስመር ላይ ናቸው። አስቂኙ ነገር፣ ኦባማ በሰሜኑና በገጠሩ ስለበረታ የልዑካኑ ግምት 13 ለ12 ለእሱ ወጣ። ሁለቱም አሸነፍን ብለው ከከተማችን ወጡ።

ወደ ሥራ ስንመለስ የቀሩኝ ክፍሎች እንደቀሩ ነበሩ። ኮከስ ነበር ብሎ የሚቀንስልሽ የለም።

ማታ ነጠላዬን ለብሼ ከተራ ደረስኩ። ጋሼ ባለታክሲው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጭ ሰው ሰብስቦ ይናገራል። እሱ የመረጠው በሰፈሩ፣ ትምህርት ቤት ስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነው፤ የቅዳሜ ገቢውን ትቶ። በእነሱ ጣቢያ የመጨረሻው ልዑክ ላይ እኩል ለእኩል ሆኑና ካርታ መጣ። ለኦባማ ወገን እንዲመዝ የተመረጠው ጋሼ ራሱ ነው፤ ታክሲ ነጂ ዕድል ያውቃል ተብሎ። ሦስት መዘዘ። የክሊንተኗ አሮጊት ንግሥት መዘዙ።

«የኬንያ ደም እንዲህ ያደርጋል!» አለ ያ የናይሮቢው ሰው ከኋላ። ግቢው በሳቅ ተናወጠ፤ ዘበኛው ዝም በሉ እስኪለን። ሁለቱ ግን ከዚያ በኋላ ለሳምንታት በደንብ አልተነጋገሩም። በኖቬምበር ሁለቱም ኦባማን መረጡ።

የዩኒየኑ ተጠሪና እናቷ እንዴት እንደታረቁ አላውቅም፤ ሰኞ አብረው ሲበሉ ነው ያየኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ዩኒየኑ ተጠንቀቅ ሲል ሰው ምን እንደሚያደርግ ድጋሚ አየሁ፤ በ2020። ያኔ ከሊናሪ ማንንም አልደገፈም፤ ግን በርኒ ሳንደርስ የዩኒየኑን የጤና መድን ያስቀርባችኋል የሚል መልእክት በየስልካችን ላከ። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ያኔ ከነቤተሰቡ 130,000 ያህል ሰው የሚታከምበት መድን ነበር፣ የኔም ልጅ የተወለደው በእሱ ነው። ሆኖም ሳንደርስ ኔቫዳን በሰፊው አሸነፈ፤ ከስትሪፑ ሆቴሎችም አብዛኞቹን። ታች ምግብ ቤት ምክንያቱን ስጠይቅ ከአፍ የሚወጣው «ልጄ» የሚል ነበር። ልጄ ኮሌጅ ሊገባ ነው፣ ልጄ የትምህርት ብድር አለበት፣ ልጄ ለምኖኛል። የእኔም 18 ዓመት ሞልቶት ስለ ሳንደርስ ሳያወራ እራት አይበላም ነበር።

በዚያ ዓመት ገመድ ፊት መቆም ለማይፈልግ ቀድሞ በወረቀት መምረጥ ተፈቅዶ ስለነበር ከልጄ ጋር ሄጄ ተሰለፍኩ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ፀሐዩ የፌብሩዋሪም ቢሆን የቬጋስ ነው። ወረቀቱ አንድ ሰው ብቻ አይጠይቅም ነበር፤ እስከ አምስት በቅደም ተከተል፣ ቢያንስ ሦስት መሙላት ግዴታ ነበር። የመጀመሪያውን ለጆ ባይደን ሰጠሁ፤ ኦባማ ስምንት ዓመት አብሮት የሠራ ሰው ነው፣ ሌላ ማብራሪያ የለኝም። ሁለተኛውን ለሳንደርስ፤ ልጄ በትከሻዬ በኩል እያየ ነበርና። ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶዬን ይዤ ቆምኩ። ከኋላዬ ያለው ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል። ቶም ስታየር የሚባለው ባለሀብት በማስታወቂያው ብዛት ለወራት የፖስታ ሳጥኔን ሲሞላ፣ ቴሌቪዥኔን ሲያቋርጥ ከርሟል። እንደዚያ ደክሞ ባዶ እጁን እንዳይሄድ ብዬ ለእሱ ሰጠሁት።